ለልጃችሁ ነፃ የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ እንዴት ታገኛላችሁ?

በእኛ በከምባታ አገር ለመስቀል በዓል ዓመቱን ሙሉ እንዘጋጃለን። አባወራው ለቅርጫው፣ እማወራዋ ለቅቤው ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቅማሉ። የትንሹ ልጃችን ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወደ ግል መዋዕለ ሕፃናት እንሮጣለን፤ ክፍያውን ስንሰማ ደንግጠን «ይህ ለእኛ አይሆንም» ብለን እንመለሳለን። ልጁም እርሳስ ሳይጨብጥ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ነርሰሪ፣ ኤል ኬጂና ዩ ኬጂ ከጨረሱ ልጆች ጎን ይቀመጣል። ሰነፍ ሳይሆን ሰነፍ ይባላል። እንዲህ ያለ ስም ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ነፃ ቦታ አለ ወይ?

አዎን፣ አለ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን የመዋዕለ ሕፃናትን ሥራ በአብዛኛው የተሸከሙት ባለሀብቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ድርጅቶች ነበሩ። ስለዚህ ዕድሉ ይበልጡን የከተማ ልጆች ሆኖ ቆየ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ኦ ክፍል» ወይም «ዜሮ ክፍል» የምንለው ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ልጁ በ5 ዓመቱ ጀምሮ በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል።

አንዳንድ ወላጆች ኦ ክፍልን «በከምባትኛ ነው የሚያስተምሩት» ብለው ይንቁታል። እናንተ ግን አትናቁት። ሕፃን አስተማሪው የሚናገረው ሲገባው ፊደል ቶሎ ይይዛል። ከምባትኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደልም በኋላ ለእንግሊዝኛው ይረዳዋል።

ቦታውን ለመያዝ

1ኛ. ቀድማችሁ ጠይቁ። ነሐሴን አትጠብቁ፤ በሰኔ ትምህርት ሳይዘጋ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ርእሰ መምህሩን አነጋግሩ። ምዝገባው መቼ ነው? ከስንት ዓመት ጀምሮ ትቀበላላችሁ? ስንት ልጅ ትይዛላችሁ? የወላጅ መዋጮ አለ? ወርኃዊ ክፍያ ባይኖርም ደብተርና ልብስ ስለሚያስፈልግ አስቀድማችሁ አስቡበት። ቦታ የለም ከተባላችሁ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

2ኛ. የልጁን ዕድሜ በወረቀት ያዙ። ዱሮ ልጁ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ጆሮውን ከነካ «ደርሷል» ይባል ነበር። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግን ልደት በቀበሌ ይመዘገባል። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው፤ ያለፈባችሁም ዘግይታችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁና ተስፋ አትቁረጡ። የክትባት ካርዱንም አትጣሉት።

3ኛ. ችግራችሁን አትደብቁ። አባት ወይም እናት የሌለው ልጅ ካለ፣ ወይም ቤተሰቡ በጣም የተቸገረ ከሆነ፣ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ። በአብያተ ክርስቲያናትም ሆነ በግል ከሚተዳደሩ መዋዕለ ሕፃናት አንዳንዶቹ ጥቂት ልጆችን በነፃ ይቀበላሉ፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም ቤታችሁ መጥቶ አይነግራችሁም። እንደ ኮምፓሽን ያሉ በአጥቢያ በኩል የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ልጁን ይደግፋሉ፤ የሚመዘግቡት ግን በቁጥርና በዕድሜ የተወሰኑ ልጆችን ነው። «ፕሮጀክት ይገባልኛል» ብላችሁ የመንግሥቱን ምዝገባ አታሳልፉ።

4ኛ. የያዛችሁትን ቦታ አትልቀቁ። በገበያ ቀን ወይም እንሰት በሚፋቅበት ሰሞን ታናሹን እንዲጠብቅ ልጁን ማስቀረት የተለመደ ነው። ዛሬ አንድ ቀን፣ ነገ ሁለት ቀን እየተባለ ልጁ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያም «አልሄድም» ይላል።

ጥያቄው የአጥቢያችንም ነው

ገና አራት ዓመት የሆነውና ኦ ክፍል የማይቀበለው ልጅስ የት ይዋል? የሰንበት ትምህርት ክፍሎቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፈው ይውላሉ። አግዳሚ ወንበሩም ጥቁር ሰሌዳውም አለ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ እኅቶችም አሉ። ሽማግሌዎች፣ የሴቶች ኅብረትና የሕፃናት አገልግሎት አንድ ላይ ተቀምጠው ቢመክሩ፣ የወረዳውንም ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢያማክሩ፣ በሳምንት ጥቂት ጠዋቶች ለእነዚህ ልጆች መዋያ ማዘጋጀት አይከብድም።

የሙሴን እኅት አስቡ። ወንድሟ በደንገል ሣጥን ውስጥ ሆኖ በወንዙ ዳር ሲቀመጥ ርቃ ቆማ ትመለከት ነበር። የፈርዖን ልጅ ባገኘችው ጊዜ ግን ዝም አላለችም፤ ቀረብ ብላ ሞግዚት ልጥራልሽ ወይ ብላ ጠየቀች። በዚያ አንድ ጥያቄ ሕፃኑ በገዛ እናቱ እቅፍ አደገ፤ ለእናቱም ደመወዝ ተከፈላት።

በጎረቤታችሁም ማንበብ የማትችል፣ ቢሮ መግባት የምትፈራ እናት ትኖራለች። ለልጃችሁ ስትመዘገቡ እርሷንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለ ልጇም ጠይቁላት። ጌታ ልጆቻችንን ይባርክ።