ሦስቱ ኩንታል የማረሻው ናቸው ወይስ የማሳው?

ክረምት ሲከር በደነባ ዙሪያ ያለው ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ መረሬ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ ግን አብጦ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ውኃውም መስረጊያ ያጣል። ሥሩ የታፈነ ስንዴ ይገረጣል። እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል።

ገበሬው ውኃውን ሲያጠነፍፍ የኖረው በማረሻው ሹሩቤ፣ ማለትም ጠባብ መደብና ቦይ፣ እያወጣ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣውን ቢቢኤም ሠራ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?

ለማስተማሪያ የሚሆን ምሳሌ እናስቀምጥ። ስድስት ገበሬዎች ማሳቸውን ለሁለት ከፈሉ፤ የትኛው ግማሽ በምን እንደሚታረስ ዕጣ ወሰነ። በሹሩቤ የተገኘው ስንዴ በሄክታር 18፣ 22፣ 27፣ 15፣ 24 እና 20 ኩንታል ሆነ። በቢቢኤም የተገኘው በዚያው ቅደም ተከተል 21፣ 26፣ 29፣ 19፣ 28 እና 21 ነው። አማካዩ 21 እና 24፣ ልዩነቱ 3 ኩንታል ነው። ግን ሹሩቤ ብቻ ከወጣባቸው ማሳዎች መካከል እንኳ አንዱ 15፣ ሌላው 27 ሰጥቷል። ማሳ ከማሳ እንዲህ ከተራራቀ ሦስት ኩንታል በአጋጣሚም ሊመጣ አይችልም?

ይህን ጥያቄ ለጥቂት ናሙና የፈታው ዊልያም ጎሴት ነው። በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሲሠራ ገብስና ብቅልን የሚፈትነው በጥቂት ናሙና ነበር፤ መፍትሔውን በ1908 (እ.ኤ.አ.) «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመ። ቲ-ቴስት የተባለው ይህ መፍትሔ ልዩነቱን በአጋጣሚ ሊፈጠር ለሚችለው መዋዠቅ ያካፍላል። ድርሻው በተለቀ ቁጥር አጋጣሚን ማመካኘት ይከብዳል።

ዛሬ ስሌቱን ኤክሴል፣ ኤስፒኤስኤስ ወይም አር በቅጽበት ይሠራዋል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ቡድኖቹ የተለያዩ ናቸው ወይስ ጥንድ? በኤክሴል የቲ-ቴስት ቀመር መጨረሻ ላይ 1 ከጻፍን ጥንድ ማለት ነው፤ 2 እና 3 የተለያዩ ቡድኖች ናቸው፣ 3 መዋዠቃቸው እኩል ላልሆነው።

ቁጥሮቻችንን «የተለያዩ» ብለን ብናስገባ ቲ 1.22፣ ፒ-ዋጋውም 0.25 ይሆናል። ይህም በሁለቱ አስተራረሶች መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት ከአራት ጊዜ አንዴ ያህል ሊታይ ይችላል ማለት ነው። «ጥንድ» ብንል ግን ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ማሳ ከራሱ ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቶቹ 3፣ 4፣ 2፣ 4፣ 4 እና 1 ናቸው። የዳገቱና የረባዳው፣ የለማውና የከሳው ማሳ ልዩነት ከስሌቱ ይወጣል። ቲ ወደ 5.81 ያድጋል፣ ፒ ወደ 0.002 ገደማ ይወርዳል።

ያው ስንዴ፣ ያው ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ! ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ ትክክል ያደረገው ግን ኮምፒውተሩ ሳይሆን ከዘር በፊት ማሳውን ለሁለት የከፈለው ሰው ነው። ስድስት ገበሬዎች ሹሩቤ፣ ሌሎች ስድስት ቢቢኤም ይዘው ቢሆን ኖሮ «ጥንድ» ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆን ነበር፤ ያኔ የሚቀረው 0.25ም «ልዩነት የለም» ብሎ አይመሰክርም፣ ማስረጃው አልበቃም ይላል እንጂ።

ለገበሬው ደግሞ ፒ-ዋጋ ይዞለት መሄድ አይገባም። ከዚሁ ስሌት የሚወጣው 95 በመቶ የመተማመኛ ክልል እውነተኛው አማካይ ጭማሪ ከ1.7 እስከ 4.3 ኩንታል እንደሚገመት ይናገራል። እሱም ዝቅተኛውን 1.7 ከበሬው ጉልበትና ከሚወስደው የሥራ ቀን ጋር አመዛዝኖ ይወስናል። ማሳውን የሰጠን፣ ድካሙን የሚያውቀው እሱ ነውና ፍርዱም የእሱ ነው።