የጎቦድራ ዳጉሳ፤ ስለ ጥንታዊ እርሻ ማስረጃ አመዛዘን

ገበሬ ያወጣው ትልም ዓመት ሳይሞላው ይጠፋል፤ ያመረተውም እህል ይበላል ወይም ይበሰብሳል። ታዲያ በአገራችን እርሻ የተጀመረበትን ዘመን በምን እናውቃለን? በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ምሳሌ ለመመርመር እንሞክራለን።

ከአክሱም በስተ ምዕራብ፥ የአንበሳይቱ ምስል በአለት ላይ በተቀረጸበት በጎቦድራ ኮረብታ፥ ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባሉ የአርኬኦሎጂ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ከአለት ጥግ ሥር ቆፍረው የዳጉሳ ፍሬ አገኙ። በቁፋሮ ሥራ የታችኛው የአፈር ንጣፍ ከላይኛው ይልቅ እንደሚቀድም ይታወቃል። ፍሬው የተገኘበት ንጣፍ እጅግ የቈየ ስለ ነበረ፥ ዳጉሳ በኢትዮጵያ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ይዘራ እንደ ነበረ ተገመተ።

በዚያን ጊዜ የካርቦን 14 ምርመራ ብዙ ከሰል ይፈልግ ስለ ነበረ ጥቂት ፍሬ ብቻውን ሊመረመር አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ሚሊግራም የሚበቃው ዘዴ ተገኘ። በዚህም ዘዴ ፍሬው ራሱ ሲመረመር ዕድሜው ከተገመተው በብዙ ሺህ ዓመታት አነሰ። አይጥ ጕድጓድ ሲምስ ወይም መሬት ሲሰነጠቅ፥ ከላይ ያለ ዘር ወደ ታች ሊወርድ ይችላልና፤ ስለዚህ የንጣፉ ዕድሜ ሁልጊዜ የዘሩ ዕድሜ አይደለም።

ይህ ማለት ግን እርሻችን የቅርብ ጊዜ ነው ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ በአክሱም በተደረገው ቁፋሮ ስንዴ፥ ገብስ፥ ጤፍና ተልባ ተገኝተዋል። የወደቀው ማስረጃ አንዱ ብቻ ነው።

የማሳ እርከንም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። በኮንሶ ገበሬው የፈረሰውን ካብ ስለሚጠግን፥ የላይኛው ድንጋይ በቅርቡ የተካበ፥ የታችኛው ግን የቀደሙት አባቶች ሥራ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ዘመኑን አይናገርም፤ ከካቡ ሥር የተቀበረው አፈርና ከሰል መመርመር ይኖርበታል።

እኛም ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በማሳ ዳር ያየነውን ገል ወይም የድንጋይ መሣሪያ አንሥተን ባናመጣ መልካም ነው። አፈሩ ብቻውን በቂ ምስክር ባይሆንም፥ ዕቃው ከአፈሩ ከተለየ በኋላ ግን ምስክርነቱን መልሰን ልናገኘው አንችልም።