የጨለመን የፊት ፎቶ መታደግ፦ ምን ይድናል? ምን አይድንም?

በጅማ ከተማ በበቾ ቦሬም ሆነ በአጋሮ ዙሪያ ባሉ የቡና መንደሮች ለብዙ ቤተሰቦች የፎቶ አልበሙ የእጅ ስልክ ሆኗል። ወላጅ በሞት ሲለይ ለለቅሶ ቤት ታትሞ የሚቀመጠው ምስል ብዙ ጊዜ ከዚያው ስልክ ይወጣል። ብቸኛው ፎቶ ፊቱ የጨለመ ከሆነ ግን ዳግም ማንሳት አይቻልም። ያለው አማራጭ በማስተካከያ መተግበሪያ መታደግ ነው።

ፊት ለምን ይጨልማል?

የስልክ ካሜራ የብርሃን መጠንን የሚወስነው በአብዛኛው ጠቅላላ ምስሉን መዝኖ ነው። ሰው ደማቅ ሰማይን ወይም የተከፈተ በርን ከኋላው አድርጎ ሲቆም ካሜራው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊትም ይጨልማል። ጉዳቱ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይብሳል። በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ባለ የቡና ማሳ ደግሞ በቅጠል መካከል የሚያልፈው ብርሃን ፊትን አረንጓዴ ያስመስለዋል።

የሚድነውና የማይድነው

በጨለማው ክፍል ዓይንና አፍንጫ በደብዛዛው ከታዩ መረጃው በፋይሉ ውስጥ አለ። ፍጹም ጥቁር ወይም ፍጹም ነጭ የሆነ ቦታ ግን የሚወጣ ነገር የለውም። በተለመደው የጄፔግ ፋይል እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ ስላሉት፣ ጨለማው ከልክ በላይ ሲነሳ ነጠብጣብ ይፈጠራል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. ዋናው ፎቶ ሳይነካ ቅጂ ይዘጋጃል። በቴሌግራም ሲላክ ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ ይላካል።

2. ያለክፍያ በሚገኘው ስናፕሲድ መተግበሪያ «ሻዶውስ» የተባለው የጥላ መጠን በጥቂቱ ከፍ፣ «ሃይላይትስ» የተባለው የደማቅ ክፍል መጠን ዝቅ ይደረጋል።

3. «ሴሌክቲቭ» በተባለው መሣሪያ ፊት ላይ ነጥብ ተቀምጦ ፊቱ ብቻ ይደምቃል፤ የክቡ ስፋት በሁለት ጣት ይስተካከላል።

4. አረንጓዴው በ«ዋይት ባላንስ» ይታረማል። በምስሉ ውስጥ ያለ ነጠላ ወይም ነጭ ኮፍያ ነጭ መስሎ ሲታይ የቆዳውም ቀለም ወደ ቦታው ይመለሳል።

5. ምስሉን የማጥራት ሥራ በመጨረሻ፣ በትንሹ ይከናወናል፤ ሲበዛ ነጠብጣቡን ያጎላልና።

ማድመቅ ማንጣት አይደለም

ቆዳን የሚያነጡና የሚያለሰልሱ የውበት ማጣሪያዎች መጨማደድንና ጠባሳን ያጠፋሉ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ደግሞ የጠፋውን ክፍል በግምት ስለሚሞሉ የሌላ ሰው ፊት ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከኅትመት በፊት ምስሉን ሟቹን በቅርብ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ተገቢ ነው።

ለኅትመት፣ ለ20 በ30 ሳንቲሜትር ምስል 2400 በ3500 ፒክስል ገደማ ይመረጣል። የስልኩ ስክሪን ብርሃን ከበዛ የታተመው ጨለም ብሎ ስለሚወጣ፣ ሥራው በመካከለኛ ብርሃን ቢከናወን ይበጃል።

ወላጆች በሕይወት ላሉለት ግን ቀላሉ መንገድ አሁኑኑ በደንብ ማንሳት ነው፦ ፊታቸውን ወደ መስኮት ወይም ወደ በር ብርሃን አዙሮ፣ በስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣት ነክቶ ማንሳት።