ውፍረት በአንድ ወር አልመጣም

ለወሊድ መከላከያ አገልግሎት ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ነርሷ ሚዛን ላይ ታወጣችኋለች፤ የደም ግፊትም ትለካለች። ብዙ ሰው ስለ ውፍረቱ የሚደነግጠው እዚያው ሚዛኑ ላይ እንደቆመ ነው። ድንጋጤው ባልከፋ ነበር፤ የሚጎዳው ድንጋጤውን የሚከተለው ጥድፊያ ነው። አንዳንዷ ቁርስና እራት ትተዋለች፤ አንዳንዷ «ያከሳል» የተባለ ሻይ ከገበያ ትገዛለች፤ ሌላዋ ደግሞ «ያወፈረኝ መርፌው ነው» ብላ ለማንም ሳትናገር ከቀጠሮዋ ትቀራለች።

ከመርፌው እንጀምር። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ አንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት እንደሚጨምር እውነት ነው፤ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። መዳብ ያለው ሉፕ በበኩሉ ክብደት አይጨምርም። ስለዚህ መርፌው ካልተስማማሽ ለነርሷ ነግረሽ ሌላ ዘዴ መምረጥ ትችያለሽ። ዝም ብሎ ከቀጠሮ መቅረት ግን ውፍረቱን ሳይቀንስ ያልታሰበ እርግዝና ሊያስከትል ይችላል። የሚያከሳ ስለተባለው ሻይም አንድ ነገር እወቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለበት ነው። የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ኪኒን የምትወስድ ሴት ከባድ ተቅማጥ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየባት፣ ወይም ኪኒኑን በዋጠች በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት፣ የመከላከል ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል።

ምግብን በአንድ ጊዜ መቁረጥም አያዛልቅም። ሰውነት ረሃብ የመጣ ይመስለውና ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል፤ የመብላት ፍላጎት ይበረታል፤ ከስብ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። ሰውዬው ሲሰለቸው ወደ ቀድሞ አበላሉ ይመለሳል፣ ኪሎውም አብሮት ይመለሳል። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ እንኳ ለደም ግፊቱና ለደም ስኳሩ ይረዳዋል።

ለመሆኑ መቀነስ ያስፈልጋችኋል? ክብደታችሁን በኪሎ፣ ቁመታችሁን በሜትር ያዙና ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ አካፍሉት። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 72 ኪሎ የሆነ ሴት 72ን ለ1.60 ስታካፍል 45፣ 45ን እንደገና ለ1.60 ስታካፍል 28 ገደማ ታገኛለች። ከ18.5 እስከ 25 ደህና ነው፤ ከ25 በላይ ክብደት በዝቷል ማለት ነው፤ ከ30 ጀምሮ ለጤና ያሰጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ስሌት ትተወው፤ ለመክሳትም አትሞክር። የምታጠባ እናትም ገንፎውና አጥሚቱ ላይ የሚፈሰውን ቅቤ ቀነስ ታድርግ እንጂ ምግብ አትተው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ስኒ ይጠጣል። በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጨመረ በአንድ መቀመጫ ስድስት ማንኪያ ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት ከተፈላ አሥራ ሁለት። ይህን ለማቃጠል ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት። ቡናውን ተዉ አንልም፤ ማን ይሰማናል! በዚህ ሳምንት ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል፣ ምላስ ሲለምድ ወደ አንድ ውረዱ። ዘይትም እንዲሁ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከሰባት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ይቀራረባል። ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ድስት ከማንቆርቆር በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። «ጾም ነው፣ እከሳለሁ» የሚል ሰው ሽሮው በዘይት ከዋኘ፣ መክሰሱም ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ከሆነ መክሳቱን አይጠብቅ። ምስሩን፣ ጎመኑንና ሰላጣውን አብዝቶ እንጀራውን ቀነስ ማድረግ ይሻላል።

እዚህ ላይ ባሎችን እንናገራለን። ሚስት ዘይት ስትለካ ባል ከሥራ መልስ ሥጋና ቢራ ቤት ካመሸ ነገሩ አይሰምርም። አንድ ጠርሙስ ቢራ በካሎሪ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አያንስም። ቦርጭም የድሎት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የስኳርና የልብ በሽታ መንገድ ጠራጊ ሆኗል።

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ይመከራል፤ በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። እያወራችሁ የምትሄዱበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ፍጥነት ይሁን። ያልለመደ በአሥር ደቂቃ ይጀምር። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ፤ ማታ ደግሞ ሁለታችሁ አብራችሁ ውጡ። ልጆች ሳይሰሙ ለመመካከርም ይመቻል።

በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑ፤ በየቀኑ መመዘን ያበሳጫል። ጥቂት ወራት ስትቆዩ ጎረቤት «ምነው ከሳችሁ? አመማችሁ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፤ አትደንግጡ። ምንም ሳትሞክሩ ክብደታችሁ ከቀነሰ ግን ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ።