ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ ኮምፒውተርን ማዘመን

የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ግብ ተጣለ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚመራው በመረጃ ነው፤ የአገራችን የጤና ሪፖርት ደግሞ ዛሬ ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሥርዓት በኮምፒውተር ይሰበሰባል። ስለዚህ ሰቆጣ በምትገኝበት በዋግ ኽምራ ደጋ ባለ ቢሮ የተቀመጠ ኮምፒውተር ደህንነት ለአይቲ ባለሙያው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ኮምፒውተርን በየጊዜው ማዘመን እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። የጥቅል አስተዳዳሪ የሚባለው መሣሪያ አሠራር ግን ሥራው እንዲያም ሆኖ እንደሚቻል ያሳያል።

እንደ ዴቢያንና ኡቡንቱ ባሉ የሊኑክስ ሥርዓቶች ፕሮግራም የሚመጣው በጥቅል ነው። ጥቅሉ ፕሮግራሙን፣ የዕትሙን ቁጥርና አብረውት መጫን ያለባቸውን ሌሎች ጥቅሎች ዝርዝር ይይዛል። የደህንነት ክፍተት ሲገኝ አዘጋጆቹ የተጠገነውን ጥቅል በማከማቻቸው ያኖራሉ፤ አፕት የተባለው አስተዳዳሪ የማከማቻውን ማውጫ አንብቦ በኮምፒውተሩ ካለው ጋር ያመሳክርና አዲሱን ያመጣል። ማውጫው በአዘጋጆቹ ምስጢራዊ ቁልፍ የተፈረመ ሲሆን የየጥቅሉ የሒሳብ አሻራ ሰፍሮበታል። በጥቅሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው አይገጥምም፤ አፕትም አይቀበለውም። በማኅተም የታሸገ ደብዳቤ በማንም እጅ ቢመጣ ተቀባዩ ማኅተሙን አይቶ እንደሚያምነው፣ እዚህም እምነቱ ያረፈው በፊርማው እንጂ በመንገዱ አይደለም። ለሰቆጣ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው። አፕት-ኦፍላይን የተባለው መሣሪያ ኔትወርክ የሌለው ኮምፒውተር የሚያስፈልገውን ዝርዝር በፍላሽ ያወጣል፤ ጥቅሎቹ ኔትወርክ ካለበት ወርደው በዚያው ፍላሽ ይመለሳሉ። አፕት-ካቸር ደግሞ አንዴ የወረደውን ጥቅል አስቀምጦ ለቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ስለሚያድል የዳታ ወጪ ይቀንሳል።

«ኢንተርኔት ከሌለን ማን ያጠቃናል?» የሚል ሊኖር ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የተደረሰበት ስተክስኔት ከኢንተርኔት የተነጠለውን የኢራን የናታንዝ ዩራኒየም ማበልጸጊያ ያጠቃ ቫይረስ ሲሆን፣ አንዱ መሰራጫው ፍላሽ ነበር። ፊርማው ጥቅሉን እንጂ ፍላሹን ስለማያረጋግጥ፣ ለዚህ ሥራ የሚውለው ፍላሽ ለሌላ ሊውል አይገባም። መዘግየት የሚያስከፍለውንም አይተናል፦ ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ለአንድ የዊንዶውስ ክፍተት ጥገና ቢያወጣም፣ በዚሁ ክፍተት የገባው ዋናክራይ የተባለ የሳይበር ጥቃት ግንቦት 4 ቀን ሲነሳ ጥገናውን ያልጫኑ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተስተጓጉሏል።

ሌላው ስጋት ማዘመኛው ራሱ ኮምፒውተሩን እንዳያበላሽ ነው። ስጋቱ እውነትነት አለው፤ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ያሰራጨው የተሳሳተ ማዘመኛ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አድርጓል። መፍትሔው ግን ማዘመንን መተው ሳይሆን መረጃን አስቀድሞ በሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ከዚያ በአንድ ኮምፒውተር ሞክሮ ወደ ሌሎቹ ማለፍ ነው። «የእኛ ቢሮ ዊንዶውስ ነው» ለሚልም የዊንዶውስ ማዘመኛዎች የተፈረሙ ናቸው፤ ከማይክሮሶፍት ካታሎግ ወርደው በፍላሽ ሊጓዙ ይችላሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ወደ 11 መሻገር ለማይችሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ በነፃ የሚዘመን አማራጭ ነው። እንግዲህ የጎደለው ፈጣን መስመር ብቻ አይደለም። በየወሩ የሚከናወን ቋሚ መርሐ ግብርና ኃላፊነቱ በስሙ የተሰጠ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህን ለመወሰን ደግሞ የፋይበር መስመር እስኪዘረጋ መጠበቅ አያሻም።