የተማሪዎችን ፈጠራና በራስ መተማመን በሥነ ጥበብ ትምህርት ማጎልበት

የሥነ ጥበብ ትምህርት ዓላማ ሁሉንም ተማሪ ሠዓሊ ማድረግ አይደለም። ተማሪው አስተውሎ እንዲያይ፣ ካየው መርጦ እንዲወስን፣ የወሰነውን ሠርቶ እንዲያስረዳ ማስቻል ነው። በራስ መተማመንም የሚገነባው በምስጋና ብዛት ሳይሆን፣ በራስ ውሳኔ የጀመሩትን ከዳር በማድረስ ልምድ ነው።

ጎንደር ለዚህ ትምህርት የሚሆን ሕያው ምሳሌ አላት። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች በአንድ ሥርዓት የተሠሩ ቢሆኑም፣ አንዱ ከሌላው በመጠኑ ይለያል። የዘርፉ አጥኚዎች የጎንደርን ሥዕል በሁለት ስልት ይከፍሉታል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ስልት ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም ያዘወትራል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎለበተው ደግሞ ፊትንና ልብስን በጥላና በብርሃን ያሳያል። ሠዓልያኑ ከቀደምቶቻቸው ወርሰዋል፤ በወረሱት ላይም ጨምረዋል። ስለዚህ መገልበጥ የመማር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

መምህራን በክፍል ውስጥ የሚከተሉትን ተግባራት ሊፈጽሙ ይችላሉ።

ምርጫን ለተማሪው መስጠት፦ «የፋሲል ግንብን ሣሉ» ከማለት ይልቅ «የትኛውን ክፍል፣ ከየት ቆማችሁ ትሥላላችሁ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ተማሪውን ወሳኝ ያደርገዋል።

በአካባቢ ቁሳቁስ መጠቀም፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በሌሎች ደጋማ ወረዳዎች ቀለምና ወረቀት ባይሟላም ከሰል፣ የሸክላ አፈር፣ ስንደዶና አክርማ ይገኛሉ። ጭላዳንና ጅብራን በየዕለቱ የሚያይ፣ የእናቱን የአለላ ስፌት የሚያውቅ ልጅ ወደ ክፍል ባዶ እጁን አይመጣም።

በተማሪው ሥራ ላይ እርማት አለመሣል፦ መምህሩ የልጁን ሥዕል በራሱ እጅ ሲያስተካክል፣ ልጁ «የእኔ አይበቃም» የሚል መልእክት ይወስዳል። ዘዴውን በሌላ ወረቀት ማሳየት ይመረጣል። ይህ ማለት ግን ክህሎት አይሰጥ ማለት አይደለም፤ መስመርን፣ ጥላንና የቀለም ውህደትን ያልተማረ ልጅ ሐሳቡን መግለጽ ስለሚያቅተው ተስፋ ይቆርጣል።

የታየውን መናገር፦ «ጎበዝ» ወይም «አያምርም» ብሎ ከማለፍ «ተራራውን ከቤቱ አሳንሰኸዋል፤ ምን ለማሳየት ፈልገህ ነው?» ማለት ልጁን ያናግረዋል። የተማሪ ቁጥር በበዛበት ክፍል ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲጠያየቁ ማድረግ ይቻላል።

ዕድገትን መመዘን፦ ሥራዎች በቀን ተለይተው ከተቀመጡ፣ ተማሪው ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ሥራ ጋር ይነጻጸራል። በተከታታይ ምዘናም ሐሳቡ፣ ሙከራውና ሥራውን ማጠናቀቁ ቢታዩ ከሰሌዳ አመሳስሎ መገልበጥ ብቻ ነጥብ አያስገኝም።

ወላጆችም ሥዕልን የጥናት ጊዜ እንደሚሻማ ነገር ከማየት ይልቅ፣ ልጃቸው የሠራውን እንዲያስረዳ በመጠየቅ ሊያግዙ ይገባል። «አንተ ሥዕል አትችልም» የተባለ ልጅ እርሳሱን ብቻ ሳይሆን ሞክሮ የመሳሳት ድፍረቱንም ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ይህ ድፍረት ደግሞ ለሒሳብም ለሳይንስም ያስፈልገዋል።

በጉዳዩ ላይ ጥያቄ ወይም ሐሳብ ያላቸው ወላጆች የልጃቸውን የሥነ ጥበብ መምህር፣ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ወይም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን ማነጋገር ይችላሉ። መምህራንም ተሞክሯቸውን በጉድኝት ማዕከላቸው እንዲለዋወጡ ይበረታታሉ።