የመሪ ፖምፓ ከመለወጡ በፊት ግፊቱን ስለ መለካት

በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ለሕዝብ በተሸጠ የቤት መኪና ላይ መጀመሪያ የታየው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ፖምፓው ከሞተሩ በቺንጋ እየተሽከረከረ ዘይቱን ወደ መሪው ሳጥን ይገፋል፤ በዚህም የነጂው ድካም ይቀልላል።

መኪናው አርጅቶ መሪው የከበደ እንደሆነ ብዙ ባለመኪናዎች ጥፋቱን ወዲያው በፖምፓው ላይ ያደርጋሉ። ነገር ግን አዲስ ፖምፓ ከተገጠመ በኋላ መሪው እንደ ቀድሞው ከከበደ ገንዘቡ በከንቱ ወጥቷል፤ ደንበኛውም በጋራዡ ላይ ያለው እምነት ይጎድላል። ይህን ኪሳራ የሚያስቀረው ልኬት ነው።

አስቀድሞ የዘይቱ መጠን፣ የቺንጋው መወጠርና የፊት ጎማዎች ነፋስ ይመረመራሉ። እነዚህ ደኅና ከሆኑ፣ መዝጊያ ያለው የግፊት መለኪያ በፖምፓውና በግፊት ቱቦው መካከል ይገጠማል፤ መለኪያው ከመዝጊያው በፊት በፖምፓው በኩል ይሆናል። ከዚያም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ዘይቱ እስኪሞቅ ይጠበቃል።

በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ በብዛት በሚገኘው በሳጊናው ፖምፓ፣ መዝጊያው ክፍት ሳለ የሚነበበው ከ80 እስከ 125 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። ከ200 በላይ ከሆነ ቱቦው የታፈነ እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል። ቀጥሎ መዝጊያው ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እየተዘጋ ከፍተኛው ቁጥር ይመዘገባል። በየጊዜው የሚዘጋው ከ5 ሴኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ከዚህ ቢቆይ ደኅናው ፖምፓ ራሱ ይበላሻል።

ሦስቱ ቁጥሮች ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል የወሰነውን ያህል ከደረሱና ልዩነታቸው ከ50 ፓውንድ ካልበለጠ ፖምፓው ጤነኛ ነው። ከፍ ብለው እርስ በርሳቸው በጣም ከተለያዩ፣ በፖምፓው ውስጥ ያለው የፍሰት መቆጣጠሪያ ቫልቭ እየያዘ ነው። ሦስቱም እኩል ሆነው ዝቅ ካሉ ቫልቩ ተለውጦ እንደገና ይለካል፤ ያን ጊዜም ካልተሻሻለ የፖምፓው የውስጥ ክፍል አልቋል ማለት ነው።

ፖምፓው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ መዝጊያው ተከፍቶ መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ይዞራል። ግፊቱ ቀድሞ ከተመዘገበው ካነሰ ዘይቱ የሚያመልጠው በመሪው ሳጥን ውስጥ ነውና አዲስ ፖምፓ መግዛት አይጠቅምም።

እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ለደንበኛው የሚሰጥ ጋራዥ የሚጠይቀውን ዋጋ ያለ ክርክር ሊያስረዳ ይችላል።